ሉአው ላይ ምን ይበላል? ጭፈራውስ የማን ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የልጆች ትምህርት ሊዘጋ ሲል ስለ ሃዋይ የሚጠይቁኝ አንባቢዎች ይበዛሉ። በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎችም አብዛኞቹ ስለ ሉአው ናቸው። ሉአው የሃዋይ ሰዎች ድግስ ነው። ለሠርግ ይደገሳል፣ ለምርቃት ይደገሳል፣ ልጅ አንድ ዓመት ሲሞላው ደግሞ ዘመድ ጎረቤቱ ተጠርቶ በሰፊው ይደገሳል። ለእንግዳ የሚዘጋጀው ግን ትኬት ተቆርጦ የሚገባበት፣ ወደ ማታ ላይ የሚጀመር፣ እራትና ጭፈራ ያለበት ምሽት ነው።

ኦዋሁ ደሴት ላይ ስኖር እንዲህ ያለ ድግስ በሚያዘጋጅ ቤት ምግብ አቀርብ ነበር። ስለዚህ የምመልስላችሁ ከትሪው ጀርባ ቆሜ ካየሁትና ከአገሩ ሰዎች ከተማርኩት ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ኦገስት አጋማሽ ላይ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ኦዋሁ እንሄዳለን። ከአዲስ አበባ የመጡት አባቴም አብረውን አሉ። ልጆቹ ሉአው ካልሄድን ብለው ይዘውኛል። አባቴ ግን ፍልሰታን ይጾማሉ፤ የአሳማ ሥጋማ ሲነሳም አይወዱም። አሳማ ከመሬት እየተቆፈረ የሚወጣበት ቦታ እሳቸውን መውሰድ ነውር አይሆንብኝም? ምንስ ይበላሉ? *ከሲያትል*

መልስ፦ እህቴ፣ ነውር የለውም፤ ይዘሻቸው ሂጂ። ብቻ ምን እንዳለ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። እዚያ ደርሰው ድንገት ቢያዩት ነው የሚከፋቸው።

ሰው ሁሉ ሉአውን የሚያውቀው በአሳማው ነው፤ ፎቶ የሚነሳው እሱ ስለሆነ። የገበታው ዋና ግን ፖይ ነው። ፖይ የሚሠራው ከጎደሬ ነው። አዎ፣ ያው በእኛም አገር በደቡብ በኩል የሚበላው ጎደሬ። ሥሩ ይቀቀላል፣ ይላጣል፣ ከዚያ ሰፊ እንጨት ላይ ተደርጎ በድንጋይ ይወቀጣል። ውሃ ጠብ እያደረጉ ሲወቅጡት ይለሰልሳል፤ መጨረሻ ላይ የሚሳብ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ነገር ይሆናል። በእጅ ነው የሚበላው። ውፍረቱንም በጣት ነው የሚናገሩት። ወፍራሙ በአንድ ጣት ይዛቃል፣ መካከለኛው በሁለት፣ ቀጭኑ ሦስት ጣት ይፈልጋል። ትኩሱ ለስለስ ያለ ጣዕም አለው። ሁለት ሦስት ቀን ሲያድር ይኮመጥጣል፣ ብዙ የአገሩ ሰው የሚወደውም ያንን ነው።

እንግዳው ብዙ ጊዜ በማንኪያ ጫፍ ቀምሶ "ጣዕም የለውም" ይልና ይገፋዋል። ለብቻው ስለሚቀምሰው ነው። ፖይ ጨው ካለው ነገር ጋር እየተጠቀሰ ነው የሚበላው። አባትሽ በእንጀራ ያደጉ ሰው ናቸው፤ ኮምጣጣ አይፈሩም፣ በእጅ መብላትም አያስተምሯቸውም።

አንድ ታሪክም ንገሪያቸው። የሃዋይ ሰዎች ሲተርኩ፣ ዋኬያ የተባለው የሰማይ አባትና ሆኦሆኩካላኒ የተባለችው ሴት የመጀመሪያ ልጃቸው ሞቶ ተወለደ። ቀበሩት። ከተቀበረበት ላይ ጎደሬ በቀለ። ቀጥሎ በሕይወት የተወለደው ልጅ ሃሎአ ተባለ፤ ሰው ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው ይላሉ። ስለዚህ ጎደሬ የሰው ታላቅ ወንድም ነው። ታናሹ ይኮተኩተዋል፣ ታላቁ ያበላዋል። የፖይ ሳህን ተከፍቶ ገበታ ላይ እያለ መጣላትና መነታረክ አይቻልም፤ ታላቅ ወንድም በተቀመጠበት አይጮህም። እኔ ይህን የሰማሁት አብራኝ ትሠራ ከነበረች የአገሩ ሴት ነው። ከዚያ ወዲህ የፖይ ሳህን ሳነሳ በአንድ እጄ አንስቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ሳህናቸው እንምጣ። ትኬቱን ስትቆርጪ ደውለሽ ሁለት ነገር ለየብቻ ተናገሪ፤ "ቪጋን" በይ፣ ቀጥለሽ ደግሞ "አሳማ የነካው አይበሉም" በይ። አንዱን ብቻ ከተናገርሽ ወጥ ቤቱ ሌላውን ይረሳዋል። ለጾም የሚሆኑት ፖይ፣ ስኳር ድንች፣ ነጭ ሩዝና ፍራፍሬ ናቸው። ሃውፒያ የሚባል ከኮኮናት ወተት የሚሠራ፣ በአራት ማዕዘን የሚቆረጥ ነጭ ጣፋጭ አለ። ኩሎሎ ደግሞ ከተፈጨ ጎደሬና ከኮኮናት ወተት ነው፤ ካገኘሽ ለእኔ ስትይ አስቀምሺያቸው። ሃውፒያው ላይ የላም ወተት የሚቀላቅሉ ስላሉ ጠይቂ።

የሚያሳስቱትን ልንገርሽ። ላውላው ሲያዩት በጎደሬ ቅጠል የተጠቀለለ ጎመን ይመስላል፤ ውስጡ ግን አሳማና ዓሣ ነው። ሎሚሎሚ ሳልሞን የሚባለው ቲማቲምና ሽንኩርት መስሎ ይቀርባል፤ ጨው የገባበት ዓሣ አለበት። ሎንግ ራይስ የሚሉት ቀጭን ፓስታ በዶሮ መረቅ ነው የሚሠራው። ስኳር ድንቹም አንዳንድ ቦታ ከአሳማው ጋር በአንድ ጉድጓድ ይበስላል። ይህን ካልጠየቅሽ ማንም አይነግርሽም።

ከሁሉ በላይ ግን፣ የአባትሽን ሳህን ቡፌው ሳይከፈት ከወጥ ቤት እንዲያወጡላቸው ለምኚ። እኔ ስሠራ ያየሁት ነው። መቶ ሰው ከተነሳ በኋላ የአሳማው መቆንጠጫ ሩዙ ውስጥ፣ የሩዙ ማንኪያ አሳማው ውስጥ ይገኛል። አስቀድሞ ለጠየቀ ሰው ግን ንጹሕ ሳህን ማውጣት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ደስ ብሏቸውም ያደርጉታል።

ጉድጓዱ ሲከፈት ቦታቸው ላይ መቆየት ይችላሉ። እኔ ብሆን ግን ራቅ ብለው እንዲያዩት አደርጋለሁ። ኢሙ ይሉታል። ጠዋት፣ አንዳንዴም ከዋዜማው ጀምሮ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ኪያዌ የሚባል እንጨት ይነድዳል፤ ላዩ ላይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይከመራል። ድንጋዩ ሲግል የተቀጠቀጠ የሙዝ ግንድ ይነጠፍበታል። ግንዱ ውሃ ያዘለ ስለሆነ እንፋሎቱ የሚመጣው ከእሱ ነው። ከዚያ ቲ የሚባለው ሰፊ ቅጠል ይነጠፋል፣ በጨው የታሸው አሳማ ይገባል፣ ሆዱ ውስጥም የጋለ ድንጋይ ይጨመራል። በቅጠል፣ በእርጥብ ጆንያና በአፈር ይደፈንና ስድስት ሰባት ሰዓት ይቆያል፤ ትልቅ ከሆነ ከዚያም በላይ። ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣው የሥጋ ሽታ ሳይሆን የሙዝ ግንድና የጭስ ሽታ ነው። ሰዎቹ አፈሩን የሚገፉት ቀስ ብለው ነው፤ ከጆንያው ላይ አፈር ወደ ውስጥ ከገባ ምግቡ ተበላሸ ማለት ነው።

አባትሽ የሚበላና የማይበላ ለይተው የኖሩ ሰው ስለሆኑ የሚቀጥለው ይገባቸዋል። ሃዋይም ድሮ ጥብቅ የምግብ ሕግ ነበራት። ወንድና ሴት በአንድ ገበታ አይበሉም ነበር። ለሴት አሳማ፣ ሙዝና ኮኮናት ክልክል ነበር፤ ሕጉን የጣሰ እስከ ሞት ይቀጣ ነበር። በ1819 ቀዳማዊ ካሜሃሜሃ ሞተና ልጁ ነገሠ። በዚያው ዓመት እናቱ ኬኦፑኦላኒና ከአባቱ ሚስቶች ኃይለኛዋ ካአሁማኑ አግባብተውት ወጣቱ ንጉሥ ከሴቶች ጋር ተቀምጦ በሰው ፊት በላ። ሕጉ በዚያ ገበታ ላይ ፈረሰ። ዛሬ ሴትና ወንድ፣ እንግዳና ባለቤት ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ረጅም ጠረጴዛ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። አባትሽ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ጾማቸውን ጠብቀው ቢቀመጡ የሚደነቅባቸው የለም።

ጥያቄ፦ በቅርቡ ላገባ ነው። ጫጉላችንን ሃዋይ ልናደርግ ትኬት ቆርጠናል። እናቴ ስልክ ላይ የሉአው ጭፈራ አይታ "ይኼ ወገብ መነቅነቅ ነው፣ ለሙሽራ አይሆንም" አለች። እጮኛዬ ደግሞ "ባህል ነው" ትላለች። ሁላ የሚባለው ይኼ ነው? እሳት የሚያሽከረክሩትስ? *ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ*

መልስ፦ ወንድሜ፣ እናትህ ያዩት ሁላ አይመስለኝም። ከበሮው ፈጣን፣ ወገቡ ፈጣን ከነበረ የታሂቲ ኦቴአ ነው። ታሂቲ ከሃዋይ ከ4000 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ትርቃለች። ቶኤሬ የሚባል ከግንድ የተፈለፈለ ከበሮ አላቸው፤ በዱላ ሲመታ ድምፁ ደረቅ ነው፣ ጆሮ ይበሳል። ተወዛዋዦቹ ያንን ምት ነው በወገብ የሚከተሉት፣ ደረታቸው ግን ፍንክች አይልም። ትከሻ ብቻውን እንዲንቀጠቀጥ ሌላውን አካል መያዝ ምን ያህል ልምምድ እንደሚፈልግ እስክስታ የሚችል ሰው ያውቃል። ለእናትህ በዚህ በኩል ብትነግራቸው ይሻላል።

ሁላ ሌላ ነው። ሁላ ላይ ዋናው ቃሉ ነው። የሃዋይ ቋንቋ በፊደል መጻፍ የጀመረው ሚሲዮናውያን ከመጡ በኋላ ነው፤ ሆኖሉሉ ላይ የመጀመሪያው ኅትመት የወጣው በ1822 ነው። ከዚያ በፊት የነገሥታቱ የትውልድ ሐረግ፣ የእሳተ ገሞራዋ አምላክ የፔሌ ታሪክ፣ የየመንደሩ ዝናብና ነፋስ ስም ሁሉ የሚያዘው በቃልና በዜማ ነበር። እጅ ያንን ቃል ያሳያል። ተወዛዋዧ እጇ ወደሄደበት ዓይኗም ይሄዳል። ስለዚህ ሁላ ስታይ ወገብ ሳይሆን እጅ ተመልከት።

ደግሞ እኛ ከብዙ ሕዝብ ቀድመን ልንረዳው የሚገባን ነገር አለው። የሃዋይ ግጥም ሰምና ወርቅ አለው። ስለ ዝናብና ስለ አበባ የሚዘፈነው ብዙ ጊዜ ስለ ፍቅረኛ ነው፤ ስለ ተራራ የሚመስለው ስለ አለቃ ይሆናል። ወርቁን የሚያውቀው ገጣሚውና የተገጠመለት ሰው ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ቅኔ የሰማች አገር ልጆች ይህን "የቱሪስት ጨዋታ" ብለን ማለፍ የለብንም።

ሁለት ዓይነት አለ። ጥንታዊው ካሂኮ ይባላል። ዜማው ያለ ጊታር በቃል ይወርዳል። አስተማሪው መሬት ላይ ተቀምጦ ኢፑ የሚባለውን ቅል ይመታል፤ ሁለት ቅሎች አንዱ በሌላው ላይ የተጣበቁ ናቸው። መጀመሪያ ቅሉን መሬት ላይ ያሳርፈዋል፣ ወፍራም ድምፅ ይወጣል። ከዚያ አንስቶ ጎኑን በጣቶቹ ይመታዋል፣ ቀጭን ድምፅ ይመልሳል። ፓሁ የሚባል ከበሮም አለ፤ ቆዳው የሻርክ ነው። ዘመናዊው አውአና ይባላል፤ ዑኩሌሌና ጊታር ያጅቡታል። ዑኩሌሌ ራሷ የመጣችው በ1879 ከማዴራ ደሴት ለሸንኮራ እርሻ ሥራ በመርከብ በገቡ ፖርቱጋሎች ነው፤ ትንሿን ጊታራቸውን ይዘው መጥተው እዚያ ተለወጠች።

እናትህ ያሉትን በማለት የመጀመሪያዋ እሳቸው አይደሉም። ያችው የምግቡን ሕግ ያፈረሰችው ካአሁማኑ ክርስትና ከተቀበለች በኋላ በ1830 ሁላ በአደባባይ እንዳይታይ ከለከለች። ተወዛዋዡ ግን አልተወውም፤ በየገጠሩ፣ በየቤቱ ለልጁ አስተማረ። ንጉሥ ካላካዋ በ1883 ዘውዱን ሲደፋ ሁላን በቤተ መንግሥቱ ግቢ አስወጣው። በ1886 ሃምሳኛ ልደቱ ላይም እንዲሁ። ያስቀየማቸው ሰዎች ብዙ ነበሩ፤ እሱ ግን አልተመለሰም። ዛሬ በየዓመቱ ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው ሳምንት ሂሎ ከተማ ላይ ሜሪ ሞናርክ የሚባል የሁላ በዓል የሚከበረው በእሱ መጠሪያ ነው። እዚያ የሚወዳደሩት ቡድኖች ለጥቂት ደቂቃ ጨዋታ ወራት ይለማመዳሉ። እኔ ስለ ካላካዋ በጻፍኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል። መንግሥቱ እሱ ከሞተ ሁለት ዓመት ሳይቆይ፣ በ1893፣ በእህቱ በንግሥት ሊሊኡኦካላኒ ዘመን ተገለበጠ። ሁላው ግን አለ።

የእሳቱ ጨዋታ የሳሞአ ነው። ከጦር መሣሪያ የመጣ ነው፤ ጦረኛው ጥርስ ያለውን ቢላ እያሽከረከረ ጉልበቱን የሚያሳይበት። እሳት የተጨመረበት በ1946 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ነው፤ ያመጣውም ሳሞአዊው ፍሬዲ ሌቱሊ ነው። ምላስ እያወጡ ደረት እየመቱ የሚጮሁትን ካየህ ደግሞ የኒውዚላንድ ማኦሪዎች ሃካ ነው።

የአራት አገር ጨዋታ በአንድ ምሽት ለምን ይቀርባል ትል ይሆናል። ዘመዳሞች ስለሆኑ ነው። አባቶቻቸው በታንኳ፣ በኮከብና በማዕበል አቅጣጫ እየተመሩ ያንን ውቅያኖስ አቋርጠው ደሴት በደሴት ሰፈሩበት። "በአጋጣሚ ነው የደረሱት" ይሉ የነበሩ ሊቃውንት ነበሩ። በ1976 ሆኩሌአ የምትባል ባለ ሁለት ቀፎ ታንኳ ያለ ምንም መሣሪያ ከሃዋይ ተነስታ በወር ገደማ ታሂቲ ገባች። የመራት ማው ፒያይሉግ የተባለ የሳታዋል ደሴት ሰው ነበር። መልካም ጋብቻ ይሁንላችሁ፤ እናትህንም ቪዲዮ ደውለህ ካሂኮውን አሳያቸው።

ጥያቄ፦ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ለነፍሰ ጡር የአበባ ጉንጉን አይሰጥም የሚባል ሰማሁ። እውነት ነው? እንቢ ብል ይቀየማሉ? *ከሎስ አንጀለስ*

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ ለማለት ያብቃን! አዎ፣ በልማዱ ለነፍሰ ጡር ዙሪያው የተዘጋ ሌይ፣ ማለትም የአበባ ጉንጉን፣ አይሰጣትም። የተዘጋው ክብ እትብቱ በልጁ አንገት እንዳይጠመጠም ይሰጋሉ። ጫፎቹ ያልተቋጠሩ፣ ትከሻ ላይ ጣል የሚደረግ ሌይ አለ፤ ያንን ጠይቂ። ሆድሽን አይተው ራሳቸው የሚያመጡልሽ ብዙ ናቸው። አይቀየሙም፤ እንዲያውም ማወቅሽ ደስ ይላቸዋል።

ሌይ የሰጠሽ ሰው እያየሽ አታውልቂው። ሲጠወልግም ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም። ክሩን አውጥተሽ አበባውን ዛፍ ሥር ወይም ሣር ላይ በትኚው። ክሩን ማውጣት የሚያስፈልገው ወፍና የባሕር እንስሳ እንዳይጠመጠምበት ነው።

ጥያቄ፦ አምና ለቤተሰቤ ብዙ ገንዘብ ከፍዬ ሉአው ወሰድኳቸው። ጉድጓድ አላየንም፤ ሥጋው በትሪ ተጭኖ መጣ። ጭፈራው በሩጫ አለቀ። ዘንድሮ ማዊ ልንሄድ ነው። ምን ብዬ ልጠይቅ? ደግሞስ የማዊዋ ከተማ ላሃይና ከተቃጠለች በኋላ እዚያ መዝናናት ደግ ነው? *ከዴንቨር*

መልስ፦ አባቴ፣ እውነትዎን ነው፤ ለአንድ አዋቂ ከመቶ ዶላር በላይ ተከፍሎ እንዲያ መሆን የለበትም። የቱም ደሴት ላይ ቢሆኑ ከመክፈልዎ በፊት ደውለው እንዲህ ይጠይቁ። አሳማው እዚያው ግቢ ጉድጓድ ውስጥ ይበስላል ወይስ ከወጥ ቤት ይመጣል? ለጥንታዊው ሁላ ጊዜ አለው? ተወዛዋዦቹን የሚያስተምረው አስተማሪ ማን ነው? የሁላ አስተማሪ ኩሙ ሁላ ይባላል። ስሙን ሲጠይቁ ወዲያው በኩራት ከነገሩዎት ጥሩ ቦታ ነው። "አላውቅም፣ ግን መጠጡ ያልተወሰነ ነው" ካሉዎት ይተዉት። በእኔ ግምት ከእሳቱ ይልቅ ለቃሉ ጊዜ የሚሰጥ ቤት ነው ገንዘብዎን የሚያከብረው።

ስለ ላሃይና የጠየቁት ጥያቄ ደግሞ ትልቅ ነው፣ ስለጠየቁኝም አመሰግናለሁ። እሳቱ የተነሳው ኦገስት 8 ቀን 2023 ነው። ነፋሱ ኃይለኛ፣ ሣሩ ደረቅ ነበር። ከመቶ በላይ ሰው ሞተ። ላሃይና መንግሥቱ ወደ ሆኖሉሉ እስኪዛወር ድረስ የነገሥታት መቀመጫ ነበረች፤ የተቃጠለው ሰፈር ብቻ አይደለም። ምዕራብ ማዊ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ለእንግዳ ተከፍቷል። ብዙው ሰው የሚኖረው በእንግዳ ገቢ ነው፤ ሳህን የሚያቀርብልዎት ወጣት ቤቱን ያጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ይሂዱ። የተቃጠለው ቦታ ላይ ቆመው ፎቶ አይነሱ። "አንተስ ያኔ የት ነበርክ?" ብለውም እርስዎ አይጀምሩት፤ ሊነግርዎት የፈለገ ይነግርዎታል። ከመነሳትዎ በፊት ጉርሻው እጁ ላይ ይድረስ።

ጥያቄ፦ ሙስሊም ነኝ። ኅዳር ላይ ከአክስቴ ልጅ ጋር ሆኖሉሉ እሄዳለሁ። መጠጥ የማይቀርብበት ሉአው አለ? እንግዳን ወደ መድረክ ጠርተው ያስጨፍራሉ የሚባለውስ? ሂጃቤን ለብሼ ግር አይለኝም? *ከዱባይ*

መልስ፦ አለ። ኦዋሁ ሰሜን በኩል ላይኤ የምትባል ከተማ ፖሊኔዥያን ካልቸራል ሴንተር የሚባል ቦታ አለ። ከ1963 ጀምሮ ያለ ነው፤ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ አልኮል ጭራሽ አይቀርብበትም። ከሚጨፍሩትና ከሚያስተናግዱት ብዙዎቹ አጠገቡ ባለው ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ልጆች ናቸው፤ ከሳሞአ፣ ከቶንጋ፣ ከፊጂ የመጡ አሉባቸው። ቀን ላይ የየደሴቱ መንደር እየተዞረ ይታያል፣ ማታ ድግሱና ትርኢቱ ይቀጥላል። እሑድ ዝግ ነው። ሥጋውና ዶሮው ሐላል ነው ብለሽ አትገምቺ፤ ዓሣውን፣ ፖዩንና ፍራፍሬውን ያዢ። አሳማ የነካው እንዳይሆን ከላይ ለሲያትሏ እህታችን የጻፍኩት ለአንቺም ይሠራል።

መድረክ ላይ ይጠራሉ፣ ግን አያስገድዱም። ፈገግ ብለሽ ራስሽን ብትነቀንቂ ያልፉሻል። መውጣት ከፈለግሽ የሚያስተምሩሽ ካሆሎ የሚባለውን እርምጃ ነው፤ ሁለቴ ወደ ቀኝ፣ ሁለቴ ወደ ግራ፣ ጉልበት ትንሽ ታጥፎ። እጆችሽ ማዕበል ያሳያሉ። ሰውነት የሚያጋልጥ ነገር የለበትም፤ ሂጃብሽንም ማንም በክፉ አያይብሽም። በተለይ አስተማሪዋ ሴት ከሆነች መድረኩ ላይ ውጪ፣ ደስ ይልሻል።

ረጅምና ሰፋ ያለ ቀሚስ ልበሺ፤ የአገሩ ሴቶችም ሙኡሙኡ የሚባል እንዲያ ያለ ቀሚስ አላቸው። ኅዳር ዝናብ የሚጀምርበት ወቅት ስለሆነ ቀለል ያለ የዝናብ ልብስ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር። ላይኤ ከዋይኪኪ በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፣ ትርኢቱም የሚያልቀው መሽቶ ነው። መኪና ካልተከራያችሁ ትኬቱን ስትገዙ የመመለሻውን አውቶቡስ አብራችሁ ያዙ፤ በዚያ ሰዓት ታክሲ ማግኘት ከባድ ነው።